ያልተነካው አጥንት



የዛሬው ዝግጅት የሚጀምረው ከቀበና ድልድይ ከፍ ብሎ ከሚገኝ አንድ ግቢ ነው። ግቢው የማንም ሊሆን ይችላል፤ ሰፈሩን የሚያውቅ ሁሉ እንዲህ ያለውን ቤት ያውቀዋል። ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ተኩል። ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው ወጥተዋል፣ አባት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሟል፣ እናት ከሁሉም ኋላ ወጥታ የብረቱን በር ከውጭ ቆለፈች። የጫማዋ ድምፅ ከኮብልስቶኑ ላይ ገና ሳይጠፋ ከአጥሩ ጀርባ ቀጭንና ረጅም ድምፅ ይነሳል። ሌባ ያየ ውሻ እንዲህ አይጮኽም። ይህ ማላዘን ነው።

ማላዘን በሀገራችን ስሙ ከባድ ነው። ውሻ ሲያላዝን መርዶ ይጠራል ይባላል። ጎረቤት “ምን ሊያሰማን ነው ይሄ ሟርተኛ!” እያለ በአጥር ላይ ድንጋይ ይወረውራል፤ አዛውንቶች ያማትባሉ። ማታ ላይ ለባለቤቶቹ አቤቱታ ይቀርባል። እነሱም ይገረማሉ፤ ቤት ሲሆኑ የውሻው ድምፅ እንኳ አይሰማማ! ችግሩ የሚከሰተው ባለቤት በሌለበት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ወሬው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ለባለቤቱ ነው።

የእንስሳት ሐኪሞች ይህን የመለየት ጭንቀት ይሉታል። ውሻው ከሚወደው ሰው ተነጥሎ ሲቀር የሚይዘው ድንጋጤ ነው። አንዱ ያላዝናል፤ ሌላው በር ይቧጭራል፣ የመስኮት ፍሬም ያኝካል፤ ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ምራቁን እያዝረበረበ ያለከልካል፣ ግቢውን ወዲያ ወዲህ ይዞረዋል። ከቤት ውጭ መጸዳዳት የለመደው ምንጣፍ ላይ ይሸናል። የታሰረው ከሰንሰለቱ ጋር ሲታገል አንገቱን ያቆስላል፤ ብረት ሲነክስ ጥርሱን የሚሰብርም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁሉ የሚጀምረው ባለቤቱ በወጣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ስለዚህ የጎረቤትን አቤቱታ ማጣራት የሚፈልግ ሰው አሮጌ ስልክ ድምፅ ወይም ቪዲዮ እንዲቀዳ አድርጎ መስኮት ላይ ትቶ ቢወጣ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ሠላሳ ደቂቃ ብዙ ይናገራል።

ከስልኩም የሚቀል ምልክት አለ። አጥንት።

“ውሻ በበላበት ይጮኻል” የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። አባባሉ የውሻን ታማኝነት ከሆዱ ጋር ያያይዘዋል፤ አብላው፣ ይጠብቅሃል ነው ነገሩ። የመለየት ጭንቀት ያለበት ውሻ ግን ይህን አባባል ያፈርሰዋል። ጠዋት ሲወጡ ከፊቱ የጣሉለት ቅልጥም ማታ ሲመለሱ እዚያው ቦታ፣ ጉንዳን ወርሮት ይገኛል። ከዚያ በሩ ሲከፈት፣ ጭራው ሲቆላ፣ ሁሉም ሲገቡ፣ ያኔ ሄዶ አጥንቱን ያነሳል። ቀኑን ሙሉ ርቦት ነበር፤ ብቻውን ሆኖ ግን መብላት አልቻለም። በአንጻሩ ስልችት ያለው ውሻ አጥንቱን በልቶ ጨርሶ ነው ወደ ጫማውና ወደ አበባው የሚዞረው። ሁለቱም ግቢ ያበላሻሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ይለያያል።

ይህ የመጣበቅ ነገር እንዴት ተጠና ቢባል፣ ታሪኩ መነሻውን የሚያገኘው ከጎረቤታችን ከምሥራቅ አፍሪካ ነው። ሜሪ አይንስወርዝ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ኡጋንዳ ውስጥ በካምፓላ አቅራቢያ ወደሚገኙ 26 ቤተሰቦች እየተመላለሰች ሕፃናት ከእናታቸው ሲለዩና እናታቸው ስትመለስ ምን እንደሚያደርጉ ተከታተለች። ኋላ አሜሪካ ስትመለስ ያንን ወደ አጭር ሙከራ ቀየረችው፤ ሕፃኑ በማያውቀው ክፍል ውስጥ ነው፣ እናት ትወጣለች፣ እንግዳ ሰው ይገባል፣ እናት ትመለሳለች። በ1998 እ.ኤ.አ. ቡዳፔስት ያሉ ተመራማሪዎች ያንኑ ሙከራ ቃል በቃል ሊባል በሚችል መንገድ ለ51 ውሾችና ለባለቤቶቻቸው አደረጉት። ውሾቹ ባለቤታቸው ባለበት ይጫወታሉ፣ ክፍሉን ይቃኛሉ፤ ከእንግዳው ጋር ሲቀሩ ግን በሩ ሥር ይቆማሉ። እንግዳው ምግብ ስላልያዘ አልነበረም። የጠፋባቸው ሰውየው ነው።

የቡዳፔስቶቹ ሰዎች ሦስት ዓመት ቆይተው ሌላም ነገር አሳዩ። በመጠለያ ያሉ፣ የእኔ የሚሉት ሰው የሌላቸው ውሾች ዘንድ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ብቻ ለአጭር ቆይታ እየሄደ ቢያሻሻቸውና ቢያጫውታቸው ያንን ሰው እንደ ባለቤት ይይዙታል።

ይህች ሁለተኛዋ ግኝት ለአዲስ አበባ ቤቶች ከመጀመሪያዋ ይልቅ ትጠቅማለች። በቀበናም ሆነ በቤላ፣ በፈረንሳይም ሆነ በመገናኛ፣ ውሻውን የገዛውና ስም ያወጣለት ሰውዬ ባለቤት ተብሎ ይጠራል። ውሻውን ግን ማን ጠየቀው? ጠዋት ፍርፋሪ የምታቀርብለት፣ ልብስ ስታጥብ እግሯ ሥር የሚተኛላት የቤት ሠራተኛዋ ናት። ሌሊት ከጎኑ ጋቢ ለብሶ የሚያድረው ዘበኛው ነው። ልጅቷ ለፋሲካ ሀገሯ ገብታ ሳትመለስ ስትቀር፣ ወይም ዘበኛው ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት ውሻው ያላዝናል፣ ምግብ ይተዋል። “ምን ነካው?” ይባላል። የነካው ነገር የለም፤ ሰዉ ሄዶበት ነው። ሠራተኛ ሲቀየር ወጪው ከገቢው ጋር ለተወሰነ ቀን አብሮ ቢቆይ፣ አዲሷ ልጅ ከአሮጌዋ ጎን ሆና ብታበላው፣ ብዙ ሌሊት ከማላዘን ይተርፋል።

አንዳንድ አድማጭ “የእኛ ውሻ እኮ ግቢ ጠባቂ ነው፣ ከሰው ጋር ምን አገናኘው?” ሊል ይችላል። ልክ ነው፤ በሰፈሩ ያሉ አብዛኞቹ ውሾች ሶፋ ላይ የሚወጡ አይደሉም። ቀን በሰንሰለት ይውላሉ፣ ማታ ይለቀቃሉ። ግን የታሰረ ውሻ ሲፈራ ሁለት መውጫ ያጣል፤ መሸሽም መደበቅም አይችልም። እንጦጦ ሥር ደግሞ ፍርሃቱ የምናብ አይደለም። ከባሕር ዛፉ ጫካ በወንዙ ሸለቆ ቁልቁል የሚወርደው ጅብ ለውሻ የታወቀ ጠላት ነው፣ ሽታውም ከግቢው በር ላይ ጠዋት ድረስ ይቆያል። ባለቤቶቹ ለሠርግ ክፍለ ሀገር ሄደው፣ ሰንሰለቱን ሳይፈቱ፣ ጎረቤት እራት ብቻ እንዲወረውርለት አደራ ብለው የተዉት ውሻ ሌሊቱን ሙሉ የሚያላዝነው ነገሩን አጋንኖ አይደለም።

ሰዎች ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወዲህ የሆነውን ያስታውሳሉ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ ከቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ልጅ ሁሉ ቤት ዋለ። ልጅ ቤት ሲውል ደግሞ ቡችላ ይመጣል። ትምህርት በየደረጃው የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በመሆኑ፣ በእነዚያ ሰባት ወራት ያደገ ቡችላ ባዶ ግቢ ምን እንደሚመስል አያውቅም ነበር። ከዚያ በአንድ ሰኞ ጠዋት ሁሉም በአንዴ ወጡ። በዓለም ዙሪያ የእንስሳት ሐኪሞች ያኔ ስለዚሁ ነገር ሲያስጠነቅቁ ሰንብተዋል። እዚህ ቤት ግን ብዙው ሰው የተናገረው “ጠባዩ ተበላሸ” የሚለውን ብቻ ነው።

ጠባዩ ተበላሸ የተባለ ውሻ ዕጣው ዱላ ነው። ማታ ሲመለሱ በሩ ተቧጭሯል፣ ስፖንጁ ተበትኗል፤ ውሻው ጆሮውን አጣብቆ፣ ጭራውን በእግሮቹ መሐል ከቶ፣ ዓይኑን ይሰብራል። “አየኸው? ጥፋቱን ያውቃል!” ይባላል፤ በትሩም ይነሳል። ኒውዮርክ ውስጥ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ይህንኑ “ጥፋቱን ያውቃል” የሚባለውን ፊት በ14 ውሾች ላይ ፈተነችው። ባለቤቱ ብስኩቱን እንዳይበላ ውሻውን አዝዞ ይወጣል። ሲመለስ ውሻው በላ ወይም አልበላም ይባላል፤ አንዳንዴ የሚነገረው ሐሰት ነው። ውሻው ያንን አንገት የደፋ ፊት የሚያሳየው ስለበላ ሳይሆን ባለቤቱ ስለተቆጣው ሆኖ ተገኘ። እንዲያውም ምንም ሳይበሉ ቁጣ የደረሰባቸው ላይ ይብስ ነበር። እንግዲህ ማታ ላይ የሚመታው ውሻ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሲወጣም ያስፈራል፣ ሲመለስም ያስፈራል። በማግስቱ ጭንቀቱ ይጨምራል፣ በሩም ይብስ ይቧጨራል።

እዚህ ላይ ግን ዝግጅቱ ቆም ብሎ የሚናገረው ከባድ ጉዳይ አለ። ምራቅ ማዝረብረብ፣ ያገኙትን መንከስ፣ የድምፅ መቀየር የሌላ በሽታም ምልክቶች ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ለዚህች ከተማ አዲስ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ውሾች ላይ የተመዘገበው የመጀመሪያው ትልቅ ወረርሽኝ በ1895 ዓ.ም. ክረምት ነበር። የመለየት ጭንቀት ያለበት ውሻ ሰዉ ሲመለስለት ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይታዘዛል። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው አይመለስለትም፤ ቤተሰቡ ባለበትም ጠባዩ እንግዳ እንደሆነ ይቀጥላል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ይዳከማል፣ በአሥር ቀን ውስጥ ይሞታል። ጥርጣሬ ካለ ውሻውን መንካት አይገባም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ “ነገ አየዋለሁ” ሳይል ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ጉለሌ ያለውና የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ “ፓስተር” የሚለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለዚህ በሽታ ክትባት በማምረትና ናሙና በመመርመር የቆየ ስም አለው። በየዓመቱ በዓለም 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። የሚያላዝን ውሻ ሁሉ ታማሚ አይደለም፤ ያልተከተበ ውሻ ያለው ቤት ግን ከምክሩ ሁሉ አስቀድሞ ማስከተብ አለበት።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። ውሻው የሚደነግጠው በሩ ሲዘጋ አይደለም፤ ቀድሞ ነው። ቁልፉ ከምስማሩ ላይ ሲነሳ፣ ጫማ ሲጠረግ፣ ነጠላ ሲደረብ ጆሮው ይቆማል። ሕክምናው የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። ቁልፉን ያነሱና መልሰው ቁጭ ይላሉ። ጫማ ያደርጉና ቡና ያፈላሉ። በቀን አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ቁልፍ የመሄድ ምልክት መሆኑ ቀርቶ ተራ ብረት እስኪሆን ድረስ። ቀጥሎ በሩን ከፍቶ መዝጋት፤ ከዚያ ወጥቶ እስከ አምስት ቆጥሮ መግባት። አምስቱ አሥር፣ አሥሩ ግማሽ ደቂቃ፣ ግማሹ ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ይሆናል። ሕጉ አንድ ነው፤ ውሻው ሳይጨነቅ መመለስ። ማላዘን ከጀመረ ርዝመቱ በዝቶበታልና ወደ ኋላ መመለስ ነው። ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ መንገድ አይደለም፤ ትናንት አሥር ደቂቃ የቻለ ዛሬ ሦስት ላይ ሊያቅተው ይችላል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከታለፈ በኋላ ግን ጊዜው በፍጥነት ይረዝማል። ሳምንታት ይፈጃል፣ የከበደበት ወራት። ለዚህ ጊዜ የት ይገኛል ለሚል ሰው፣ ትምህርቱ በቀን አንድ ሰዓት ሙሉ አይጠይቅም፤ ሽሮ እስኪፈላ ያለው ጊዜ ይበቃል።

ትምህርቱ እስኪያልቅ ውሻውን ጨርሶ ብቻውን አለመተው ይመከራል። ይህ በውጭ ሀገር ውድ ነገር ነው፤ የውሻ ማዋያ ተከፍሎ ይገባል። ቀበና ላይ ግን አጥር ለአጥር ጎረቤት አለ፣ ጡረታ የወጡ እማማ አሉ፣ ከትምህርት ግማሽ ቀን የሚመለስ ልጅ አለ። ድንጋይ ይወረውር የነበረው ጎረቤት ጉዳዩ ቢነገረው ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ውሻውን ግቢው ለማስገባት እሺ ሊል ይችላል፤ ለእሱም ጆሮ ይሻላልና።

ከመውጣት በፊት ማንሸራሸር ሌላው ነው። የደከመ ውሻ ይተኛል። ጠዋት ወደ እንጦጦ ሽቅብ ግማሽ ሰዓት መሄድ ለባለቤቱም አይጎዳም፤ ሯጮች የሚመርጡት ያለ ነገር አይደለም። ብቻ ሳይነጋ ባይሆን ይመረጣል፤ ጅቡም፣ በቡድን የሚዞሩት የሰፈር ውሾችም ሰዓቱ የእነሱ ነው።

ምግብን በተመለከተ ሐኪሞች ውሻው ብቻውን ሲቀር ጊዜ የሚፈጅበት ነገር እንዲሰጠው ይመክራሉ። ፈረንጅ ለዚህ ውስጡ ክፍት የሆነ የጎማ መጫወቻ ይገዛል። እዚህ ቤት የእንጀራ ድርቆሽ አለ። እፍኝ ድርቆሽ በሣር ላይ ቢበተንለት፣ ወይም በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢሰጠው፣ አንድ በአንድ ሲለቅም አፍንጫውም ጭንቅላቱም ሥራ ይይዛል። ታዲያ ድርቆሹ ወጥ የነካው አይሁን። ሽንኩርት፣ ቀይም ሆነ ነጭ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋል፤ የኢትዮጵያ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራምና የተረፈ ፍርፍር ለውሻ ደግነት አይደለም። የተቀቀለ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። በዓል ሲመጣ ከቅርጫው የሚጣለው ጥሬ ሳንባና ጉበት ደግሞ ለውሻው የኮሶ ትል ዘር ይሰጠዋል፤ ያ ትል ተመልሶ ሰው ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላል። ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ ምግቡ የሚሠራው ጭንቀቱ ቀለል ላለ ውሻ ነው። አጥንቱን ያልነካ ውሻ ድርቆሹንም አይነካም፤ ለእሱ ከቁልፉ መጀመር ግድ ነው።

ጭንቀቱ ከባድ ሲሆን መድኃኒትም አለ። አሜሪካ ውስጥ ክሎሚፕራሚን በ1998፣ ፍሉኦክሴቲን በ2007 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ችግር ለውሻ ተፈቅደዋል። ሁለቱም ከሥልጠናው ጋር ተደርበው የሚሰጡ ናቸው፤ ብቻቸውን አያስተምሩም። የሰው ማስታገሻ ቆርሶ በዳቦ መስጠት ግን አደጋ ነው። ከቢሾፍቱው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው በከተማው ክሊኒክ የከፈቱ ሐኪሞች አሉና መጠየቅ ይሻላል።

የቀበና ሰው በተለይ ሊያስብበት የሚገባው ቀን ጥር 10 ነው። ለከተራ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ ቤት ሁሉ ባዶ ይሆናል። ሰው በብዛት የሚያድረውም ውጭ ነው። ለዘመን መለወጫና ለሌሎች በዓላት ዋዜማ ደግሞ ርችት ይተኮሳል። ፊንላንድ ውስጥ ከ13 ሺህ በላይ ውሾች የተካተቱበት በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ድምፅ መፍራት ከጭንቀቶች ሁሉ የተስፋፋው መሆኑን አሳይቷል፤ 32 በመቶ ውሾች ላይ ታይቷል፣ የመለየት ጭንቀት ደግሞ 5 በመቶ ላይ። ሁለቱ ሲደራረቡ፣ ማለትም ብቻውን የሚፈራ ውሻ ብቻውን ሆኖ ርችት ሲሰማ፣ አጥር ዘሎ ይጠፋል ወይም በሰንሰለቱ ይታነቃል። በዋዜማው አንድ ሰው ቤት ቢቀር፣ ካልሆነም ውሻው ከሰንሰለቱ ተፈትቶ፣ በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ባለቤቱ የለበሰው አሮጌ ሹራብ አጠገቡ ተቀምጦ ቢያድር ይሻላል።

ስለ ድመት የጠየቀ ካለ፣ ድመትም ትጨነቃለች። ብራዚል ውስጥ በ223 ድመቶች ላይ በተደረገ ጥናት 13 በመቶዎቹ ብቻቸውን ሲቀሩ የችግር ምልክት አሳይተዋል። እሷ ስለማታላዝን ጎረቤት አይከስሳትም እንጂ።

በመጨረሻም ሬዲዮ። ብዙ ሰው “ሬዲዮ ክፈቱለት፣ ሰው ያለ ይመስለዋል” የሚል ምክር ይሰጣል፤ ይህ ጣቢያም ምክሩን ቢወደው አይገርምም። ነገር ግን ዲቦራ ዌልስ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ቤልፋስት ውስጥ መጠለያ ላይ ላሉ 50 ውሾች የተለያየ ድምፅ ከፍታ አሰምታቸው ነበር። የክላሲክ ሙዚቃ ሲከፈት ውሾቹ ዝም ብለው ብዙ ጊዜ ተኙ። ሄቪ ሜታል ሲከፈት ጮኹ። የሰው ወሬ ሲከፈት ግን፣ ከዝምታው የተለየ ምንም ለውጥ አልታየባቸውም። ስለዚህ ይህ ዝግጅት እንዳበቃ ከቤት የሚወጣ አድማጭ ካለ፣ ለውሻው ብሎ ጣቢያውን ወደ ሙዚቃ ቢያዞረው እዚህ ስቱዲዮ ውስጥ የሚቀየም የለም። መብራት ከጠፋ ደግሞ ድርቆሹ አለ።